ዋልያውን ወይስ ጦርነቱን?

በሌላው ዓለም ጦርነትም ይጎበኛል። የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ድረስ 1,425 ቀናት ተከባ ቆይታለች። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ቁርሱን በልቶ፣ የጫማውን ክር አጥብቆ፣ ከአስጎብኚ ኋላ ኋላ ሲከተል ይውላል። ደርሶ የመጣ አንድ ወዳጄ እንዳወጋኝ፣ የእሱ አስጎብኚ በከበባው ዘመን ሕፃን የነበረ ጎልማሳ ነው። እናቱ ውኃ ልትቀዳ የምትሮጥበትን መንገድ፣ አነጣጣሪ ተኳሾች የመሸጉበትን ፎቅ እያሳየ ይወስዳችኋል። የሞርታር ጥይት የቦረቦረው አስፋልት አንዳንድ ቦታ ላይ በቀይ ሙጫ ተደፍኗል፤ «የሳራዬቮ ጽጌረዳ» ይሉታል። ወዳጄን የገረመው ግን ሌላ ነው። «ሲጨርስ ጥያቄ አላችሁ ወይ አለን። ጠየቅነው። ሂሳብ ከፈልን፣ ጉርሻ ሰጠነው፣ ከዚያ ቡና ልንጠጣ ሄድን» አለኝ።

እኛም ጋ ነገሩ ጭራሽ የለም አይባልም። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ጥግ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ ራሳቸው ታስረው የወጡ ሰዎች ጎብኚ ያስጎበኙበት ቤት ነው። እኔን ያስጎበኙኝ ሰውዬ የእስር ቤቱን ነገር እንደ ትናንት ነው የሚያወሩት። መስታወቱ ውስጥ ከተደረደሩት አጥንቶች ፊት ስንደርስ ግን ማብራራቱን ተዉትና ቆብ አወለቁ። እኔም ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግራ ገብቶኝ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ያ ቦታ ሙዚየም ነው ወይስ ሐዘን ቤት? መቼም ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል። መልሱን የሚመስል ነገር ያገኘሁት ግን አዲስ አበባ ሳይሆን ደባርቅና አዲ አርቃይ መሐል ነው።

ደባርቅ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የጽሕፈት ቤቱ መቀመጫ እሷ ነበረች። አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ የበቅሎ ጫኙ፣ ጠመንጃ አንግቶ የሚከተለው ስካውት፣ ሁሉም የሚያድረው ጭላዳና ዋልያ ሊያይ በመጣ ፈረንጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። «ይኼ ካለፈ» ሲባል በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ፈረንጁ ጠፋ፣ በቅሎው ተሸጠ፣ አስጎብኚው ጤፍ ነጋዴ ሆነ።

እኔ የሄድኩት በየካቲት 2015 ዓ.ም. ነው፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በተፈረመ በአራተኛው ወር። አምስት ሆነን ነበር። ከጎንደር የመጡ ሁለት መምህራን፣ ከዋሽንግተን ለዘመድ ጥየቃ የመጡ ሴትዮ፣ የ15 ዓመት ልጃቸውና እኔ። አስጎብኚያችን ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ የሰከነ ልጅ ነው። በእንግሊዝኛው ብዙ ፈረንጅ የመራ ለመሆኑ ያስታውቃል። ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ፣

«ዋልያውን ነው የምታዩት ወይስ ጦርነቱን?» አለን።

ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ አልሳቀም። እንግዳ በጠፋ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ሽማግሌ ሲጠይቅ፣ መጽሐፍ ሲያነብ ከርሞ፣ ያገሩን የጦርነት ታሪክ በእግር የሚያስጎበኝበት መንገድ ቀይሶ ኖሯል። ዋጋው ለሁለቱም ያው ነው። ጦርነቱን መረጥን። ሴትዮዋ «ዋልያውን ቴሌቪዥን ላይ እናየዋለን» አሉ።

ስካውቱ ከኋላ፣ እሱ ከፊት፣ እኛ መሐል ሆነን ወደ ወልቀፊት ወጣን። ልጁ ወሬ ያውቅበታል። ገና ጉዞ ስንጀምር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጃናሞራ ጠቁሞ ደረስጌ ማርያምን አነሳ። ደጃዝማች ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ለራሳቸው ንግሥና ብለው አሠሯት፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አድርገዋቸው በሰው ድግስ ዘውድ ጫኑ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ተባሉ። አቡነ ሰላማም ቀቧቸው። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ድግስ ደግሰው እንዳይቆዩ» አለኝና ቀጠለ። ከምጽዋ በዓድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በአዲ አርቃይና በሊማሊሞ ጎንደር የሚገባው የጥንቱ የነጋዴ መንገድ ይኸው የምንወርድበት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በዚህ ወጥቶ ነው።

ወልቀፊት ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ በር ነው። ከዚያ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ይህን በር የያዘ የጎንደርን ቁልፍ እንደያዘ ለመረዳት ጄኔራል መሆን አያስፈልገውም። ጣልያን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘች በኋላ ሊማሊሞን በጠመዝማዛ ቆርጣ ከአሥመራ የሚመጣውን መንገድ አወጣችበት። የድንጋይ ድጋፉ እስከዛሬ አለ። ሾፌር ሁሉ «ጣልያን የሠራው እኮ ነው!» እያለ ያደንቀዋል። (ድንጋዩን የፈለጠው፣ ገደሉ ላይ በገመድ የተንጠለጠለው ሰውዬ ከየት መንደር እንደመጣ የሚጠይቅ ሾፌር ግን እስካሁን አልገጠመኝም።)

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ብዙዎቻችን ጦርነቱ ያለቀ ይመስለናል። የትምህርት ቤት መጽሐፋችንም እዚያ ላይ ይዘጋል። እዚህ ግን ገና ነበር። ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ይዞ ተቀምጧል። በስተ ሰሜን ያለውን በር፣ ወልቀፊትን፣ ኮሎኔል ጎኔላ የሚባል መኮንን ይጠብቃል። አርበኞችና ሻለቃ ሪንግሮዝ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን የሚያዝዛቸው ተዋጊዎች ከበቡት። ክረምቱ ገባ። በዚህ አፋፍ ላይ የሐምሌ ጉም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው ጎረቤቱን አያይም። አውሮፕላን ይደበድባል፣ ስንቅ ያልቃል። በመጨረሻ በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ ልክ በመስቀል ሰሞን፣ ወደ 3,000 የሚጠጋው ጦር እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር ኅዳር 12፣ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን ወደቁ። ጣልያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻዋን ባንዲራ ያወረደችው በሮም ሰዎች ዘንድ ስሙ በማይታወቅ በዚህ ጉም ውስጥ ነው።

«ከ3,000ው ግማሽ ያህሉ ኢጣሊያዊ አልነበረም» አለ አስጎብኚያችን። «አስካሪና ባንዳ ነበር።»

የዋሽንግተኑ ልጅ በተሰባበረ አማርኛው «ባንዳ ምንድን ነው?» አለ። እናቱ ፈጠን ብለው «ከሃዲ ነው፣ አገሩን የሸጠ» አሉት።

ይኼኔ ነው ከኋላችን ሳል የተሰማው። ስካውቱ ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቃል ያልተነፈሱ ሰው። ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ተደገፉትና፣

«ባንዳማ የእኔ አያት ነበር» አሉ።

ሴትዮዋ ደነገጡ። ሽማግሌው ግን እንደ እርሻ ወሬ ቀጠሉ። አያታቸው የጣልያን ደመወዝ እየበላ ምሽጉ ውስጥ፣ የአያታቸው ታናሽ ወንድም ደግሞ ከአርበኞቹ ጋር ከውጭ ነበሩ አሉ። ሌሊት ሌሊት፣ ነፋሱ ሲመቻቸው፣ ይጣራራሉ። የውጩ «ላሟ ወለደች!» ይላል። የውስጡ «ወይፈን ነው ጊደር?» ብሎ ይመልሳል። ነገ ደግሞ ይታኮሳሉ። ሲያልቅ ሁለቱም ቤታቸው ገቡ፤ አንድ ግቢ ኖሩ፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። «እኔ ልጅ ሆኜ ግን ይኼ በቤታችን አይነሳም ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አባቴ ሲሞት ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ ለሰው ስናገር ይኼው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው የጀመርኩ። ይኼ ልጅ እየወተወተኝ።»

ልጁ አቀረቀረ። ከዚያ ራስ አያሌው ብሩን አነሳ፤ ሽማግሌው በር ስለከፈቱለት ይመስለኛል። ራስ አያሌው በ1928 ዓ.ም. የሰሜንን ጦር ይዘው ዘመቱ። ጦርነቱ ሲፈታ ለጣልያን ገቡ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከአርበኛው ጋር ሆነው ይህንኑ ወልቀፊትን ሊያስለቅቁ መጡ፤ በሰኔ ወር እዚሁ አካባቢ ተማረኩ። የማረካቸው ባስቲያኒ የሚባል ኢጣሊያዊ ነው፤ አገሩ የወርቅ ሜዳይ ሸልማዋለች። ባስቲያኒን ተከትለው የተዋጉት ግን ባንዶች፣ የኛው ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ይህን ሰው ጀግና በሉት ባንዳ በሉት፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ልጁም የተረከው እንዲሁ ነው፤ ሳያሞካሽ፣ ሳይረግም።

እኔ ግን የምቆጥረው ዓመቱን ነበር። ከ1933 እስከ 2015 ዓ.ም. 82 ዓመት ይሆናል። አንድ ሰው በአደባባይ «ባንዳው አያቴ ነበር» ለማለት 82 ዓመት ፈጀበት፤ ያውም ጠላት በመርከብ ተጭኖ ባሕር ማዶ በሄደበት ጦርነት!

ሴትዮዋ ያንኑ ያሰቡ መሰለኝ። ገደሉን ትተው ወደ ደቡብ፣ ወደ ዳባት አቅጣጫ ዞሩ።

«የአሁኑስ? ጭና የተባለው ቦታ ቅርብ አይደለም? ለምን እዚያ አትወስደንም? ልጄ እንዲያይ እፈልጋለሁ።»

«ጭና አይጎበኝም እትዬ» አላቸው።

«ለምን? መንገዱ አይመችም?»

«መንገዱ ይመቻል። ጭና ለቅሶ ነው የሚደረሰው።»

ላልሰማ ላሰማ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ተከዜን ተሻግሮ በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል ወደ ደጋው ወጣ። የትግራይ ኃይሎች ደባርቅን አልያዙም፤ በዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት ድረስ ግን ደረሱ። ከነሐሴ ማለቂያ ቀናት በኋላ ሲወጡ በየጓሮው አስከሬን ተገኘ። የአካባቢው ባለሥልጣናት ያን ጊዜ ከ120 በላይ ሰው ተገደለ አሉ። ህወሓት አስተባበለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከተረፉት ሰዎች ጠይቆ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በ15 የተለያዩ አጋጣሚዎች የተረሸኑ 26 ሲቪሎችን ዘርዝሯል። ቁጥሩ የተለያየው አንዱ ሁሉንም ሬሳ ስለቆጠረ፣ ሌላው የተረሸነ መሆኑን ያረጋገጠውን ብቻ ስለቆጠረ ነው። ጭና ላሉት ግን ሂሳቡ እንዲህ አይደለም። እዚያ ሰው የሚቆጠረው በቤት ነው፤ ከዚህ ቤት ሁለት፣ ከዚያ ቤት አባትና ልጅ እየተባለ።

«ለቅሶ ነው የሚደረሰው» ያለው ቃል ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ደግሞስ እውነቱን ነው። እኛ ጋ ሰው ያለፈበትን መከራ ለማየትም ለመስማትም የተሠራ ሥርዓት ድሮም አለ፤ ከሳራዬቮው ይልቅ የቆየ። ሰው ሲሞት ትሄዳላችሁ። በሩ ላይ ዝቅ ትላላችሁ። «እግዜር ያጽናችሁ» ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። አትጠይቁም። ፎቶ አታነሱም። ንፍሮ ቢመጣ ትዘግናላችሁ። ጥቂት ዝም ከተባለ በኋላ ሐዘንተኛው ራሱ ይጀምራል። «ጠዋት ደኅና ነበር» ብሎ ይነሳል። ምን እንደበላ፣ ምን እንደለበሰ፣ ማን እንደጠራው፣ የት ላይ እንደወደቀ፣ ሁሉንም በተራ ያወርደዋል። ሌላ ሰው ሲገባ ደግሞ እንደገና «ጠዋት ደኅና ነበር» ብሎ ከመጀመሪያው። በሦስት ቀን ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ይነገራል። ሞኝ ሰው ይህን መደጋገም ያለመማር ይለዋል። ሃምሳ ጊዜ የተነገረ ነገር እኮ ሃምሳ ምስክር አለው! ስታዛቡትም የሚያርም አይጠፋም፤ «አይ፣ ቀዩን ሹራብ ነበር የለበሰው» የምትል አንዲት አክስት ከጥግ ሁልጊዜ ትኖራለች። በየትኛውም ሙዚየም ያላየሁት ጥንቃቄ ነው።

ከአስጎብኚ ጋር የሚለየው ሌላም ነገር አለ። ጎብኚ ከፍሎ ይወጣል። ለቅሶ የደረሰ ሰው ግን ብድር ይገባል። ነገ የእሱ ቤት ሲያዝን እነዚያ ይመጣሉ። ሳይደርስ የቀረ ደግሞ ይቆጠርበታል፤ «የእናቴን ለቅሶ ሳይደርሰኝ» ተብሎ ሃያ ዓመት ይታወሳል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የኛ ሥርዓት የሚያነክሰው። የአሁኑ ጦርነት የተካሄደው ለቅሶ ሲደራረሱ በኖሩ ሰዎች መሐል ነው። የጭናን ለቅሶ ዳባት ደርሷል፣ ደባርቅ ደርሷል፣ ጎንደር ደርሷል። ከተከዜ ማዶ ግን ማንም አልመጣም። ከማዶም ደግሞ የስንቱ ቤት ለቅሶ ከወዲህ ሰው ሳይደርሰው አልፏል! ሁለቱም ቤት «ጠዋት ደኅና ነበር» ይላል፤ የሚሰማው የየራሱ ሰው ብቻ ነው። የሚያርም አክስት የለም።

ከወልቀፊት በታች መኪናውን በጠመዝማዛው ልከን እኛ በጥንቱ የበቅሎ መንገድ ወረድን። ጉልበት ይፈታል። አስጎብኚያችን እስካሁን ለእያንዳንዱ ድንጋይ ታሪክ የነበረው ልጅ እዚህ ላይ ዝም አለ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ዋርካ የሚያህል ቋጥኝ አለ፤ ስንደርስበት ቆም ብሎ በእጁ ነካ አድርጎት አለፈ። መምህሩ «ይኼስ ምንድን ነው?» ሲለው ያልሰማ መሰለ። የነገሩን ሽማግሌው ናቸው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው። ልጁ የአዲ አርቃይ ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ ወደ ደባርቅ ሲሸሽ፣ ሴት አያቱን በዚህ መንገድ አዝሎ ነው ያወጣቸው። እዚህ ቋጥኝ ሥር አሳርፏቸው ነበር። ደባርቅ ደረሱ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለሉ፤ ግን ብርዱን አልቻሉትም።

የዋሽንግተኑ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቋጥኙን ፎቶ ሊያነሳ ነበር። እናቱ ክንዱን ያዙት። ይኼን ያስተማራቸው የለም።

ከታች መኪናው ተቀበለን። በዛሪማ አልፈን አዲ አርቃይ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ከደባርቅ ብርድ በኋላ የቆላው ሙቀት ልብስ ያስወልቃል። የከተማዋ ስም ራሱ ሁለት ቤት ነው፤ «አዲ» በትግርኛ መንደር፣ «አርቃይ» ደግሞ ሽመል ማለት ነው ይላሉ። የሽመል አገር። ይህን አንዱ መምህር ሲያነሳ ከጎናችን የቆመ አንድ ወጣት ፊቱን ከሰከሰ። ዘንድሮ የቃል ትርጉም እንኳ ወገን አለው።

ከከተማዋ ዳር ሆኖ ልጁ የመጨረሻውን ታሪክ ነገረን። ፊቱን ወደ ተከዜ በረሃ አዙሮ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ወንዙን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ የጣልያንን ታንኮች እንዴት እንዳጠቃ አወጋን፤ ሰው በባዶ እጁ ታንክ ላይ ወጥቶ በሰይፍ ሲደበድብ። ስምንት ቀን ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 13፣ አውሮፕላን መጣ። ያን ቀን የጣለው ቦምብ አልነበረም። ራስ እምሩ ራሳቸው በኋላ እንደመሰከሩት፣ መሬት ሲነካ የሚሰበር በርሜል መሰል ነገር ነው፤ ከውስጡ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጫል፤ የነካው ሰው እጅና እግር ይላጣል። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ «አልጣልንም» ሲባል ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ወንዝ ላይ ግን የወጋውም አልረሳም፣ ካደ እንጂ።

ወንዙ ላይ የነበረው ወደ ሽሬ የሚያሻግረው ድልድይ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ፈርሷል። ልጁ ስለ ድልድዩ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ክርስትና የተነሳሁት በዚያ በኩል ተሻግረው በመጡ ሰው ነው።»

ቀኑን ደጋግሜ የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሰው መንገዱ ሊከፈት ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሳ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ እኛ እየሳቅን በእግራችን የወረድነው አገር ሰው እንደልቡ የሚሄድበት አልሆነም። ያ ልጅ አሁን ማንን እየመራ እንደሚኖር አላውቅም። የምተርክላችሁ በሁለት ጦርነት መሐል የነበረችን አንዲት ምሽት ነው።

ያን ምሽት ልጁ «እናቴ ጋ ቡና እንጠጣ» ብሎ ወሰደን። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ገና ከደጃፉ ነገሩ ገባን። ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁም አያውቅም ኖሯል፤ በሩ ላይ ደርቆ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጁ የክርስትና አባት የሽሬ ነጋዴ ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት እህልና ሰሊጥ ሲነግዱ የሚያድሩት እዚህ ቤት ነው፤ አበልጅ ናቸው። ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩም መንገዱም ተቆረጠ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ስልክ ሲከፈት እናትየው ደጋግመው ቢደውሉም አይነሳም። በዚያን ቀን ጠዋት የሰውየው ልጅ ደውላ መርዶውን ነገረቻቸው። ከሞቱ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል።

የመጡት ሦስት ሴቶችና አንድ ዲያቆን ብቻ ነበሩ። አዲ አርቃይን የሚያክል ከተማ፣ እናትየውን የሚያህሉ ሴት ለቅሶ ተቀምጠው፣ አራት ሰው! እኛ ስንጨመር ዘጠኝ ሆንን። ሴትዮዋ ያለ ማንም ነጋሪ ሻርፓቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉ፤ ልጃቸው ከጎናቸው እግሩን ሰብስቦ ተቀመጠ። ከአጥሩ ውጭ የአንዲት ሴት ድምፅ እያለፈ ሲናገር ሁላችንም ሰማን። «የራሳችንን አልቅሰን ሳንጨርስ የእነሱን ታለቅሳለች!» የመለሰላት የለም። ደግሞ በምን አፍ ትመለሳለች? ሴትዮዋም ልጅ ቀብራ ይሆናል።

ዝምታው ረዘመ። ልጁ ከእናቱ እግር ሥር ተቀምጦ ምንጣፉን ያያል። ጠዋት ከደረስጌ እስከ ሮም ሲያዞረን የነበረ ሰው አንድ ቃል አልወጣውም።

ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ በሩ ጋ ዱላ ኮሽ አለ። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የአጥር ጎረቤት። ከሴቶቹ አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እኒህ ሰውዬ በ2013 ወንድ ልጃቸው የሞተባቸው ናቸው» አለችኝ። ሁላችንም ተነስተን ቦታ ለቀቅን። እሳቸው ግን እዚያው በሩ አጠገብ፣ ደፉ ላይ ተቀመጡ። «እግዜር ያጽናሽ» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ብዙ ቆዩና፣

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

እናትየው ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ዝቅ አደረጉ።

«ስኳር ነበረበት» ብለው ጀመሩ። «መድኃኒቱ ጠፋ። ያን ቀን ጠዋት ደኅና ነበር ትላለች ልጁ...»